የባለሙያዋ ድህነት

«ሙያ» የሚለው ቃል እንደ ባለቤቱ ፆታ ትርጉሙን ሲለዋውጥ የኖረ ቃል ነው። ወንዱ «ሙያ ሠራ» ከተባለ ጠላት ጥሎ፣ ግዳይ ቆጥሮ ከጦር ሜዳ ተመለሰ ማለት ነበር። ሴቲቱ «ባለሙያ ናት» ከተባለች ግን ወጧ ይጣፍጣል፣ ጠላዋ አይቆመጥጥም፣ እንጀራዋ ዓይኑ ያምራል፣ ፈትሏ ቀጭን ነው ማለት ነው። የወንዱ ሙያ ያሾመዋል፤ ያሸልመዋል፤ ይፎከርበታል። የሴቲቱ ሙያ ይበላል። ከተበላ በኋላ ገበታው ይነሣል፤ በማግስቱም ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

በኛ ዘመን ደግሞ ቃሉ ሦስተኛ ትርጉም አብቅሏል። አንድ የሴቶች ማኅበር ወይም አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አዳራሽ ተከራይቶ፣ በሩ ላይ ጨርቅ ሰቅሎ «ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሴቶች የሙያ ሥልጠና» ይላል። ሥልጠናው ሦስት ወር ወይም ስድስት ወር ይፈጃል። በመጨረሻ ምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ለተመራቂዎቹም የልብስ ስፌት መኪና ወይም የፀጉር ቤት ዕቃ ይሰጣል። ይህን የሚያደርጉት ሴቶች አብዛኛዎቹ ቅን ናቸው። ገንዘባቸውን፣ ጊዜያቸውን፣ ትዳራቸውን ጭምር እስከ መስጠት የደረሱ አሉ፤ ስለ አንዷ ወደ ታች እናነሣለን። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቅን ሰዎች ላይ ምላስ ማርዘም አይደለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እርሱም ከዚህ ሁሉ ደግነት ሥር ተቀብሮ የሚገኘውን ሐሳብ ይመለከታል። ሐሳቡ «ይህች ሴት ድሀ የሆነችው ሙያ ስለሌላት ነው» ይላል። እውነት ነውን? እውነት ካልሆነስ፣ የሞላትን ነገር ደግሞ የሚጨምርላት ሰው ምን እያደረገላት ነው?

ጥያቄው አየር ላይ እንዳይንጠለጠል አንድ ቦታ እንያዝ። ማንኩሳን እንውሰድ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንባቢ ከማንኩሳ ጋር ማስተዋወቅ አያሻም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልቦለድ የበዛብህ ወላጆች መኖሪያ ናት። በካርታ ላይ ደግሞ በምዕራብ ጎጃም፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ትገኛለች። አገሩ ለም ነው። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው ይበቅላል። ከሁሉም በላይ ስሙን ያስጠራው ግን በርበሬው ነው።

በርበሬ የሴት ጉልበት የሚበላ ሰብል ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ችግኙ በመደብ ይፈላል። ዝናቡ ሲጸና እየተነቀለ በማሳው ይተከላል፤ ይታረማል፤ ይኮተኮታል። ክረምቱ አልፎ ፍሬው መቅላት ሲጀምር ይለቀማል፤ ለቀማውም አንዴ ተለቅሞ የሚያበቃ አይደለም፤ እየቀላ እየቀላ ይለቀማል። ከዚያ ይሰጣል። ማታ ጠል እንዳይመታው ይሰበሰባል፣ ጧት ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ይሰጣል፣ የነጣው ከቀላው ይለያል። ለቤት የሚሆነው ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከድንብላሉና ከኮረሪማው ጋር ታሽቶ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ እስኪነፋ ድረስ ስንት ቀንና ስንት ማስነጠስ እንደሚፈጅ ያየ ያውቀዋል። ይህን የምታደርግ ሴት በዚያው ቀን ውሀ ቀድታለች፣ እንጨት ለቅማለች፣ ጋግራለች፣ ልጅ አዝላለች። ማታ ደግሞ እንዝርቷን ታነሣለች።

እንግዲህ ይህች ሴት ሙያ የላትም ሊላት የሚደፍር ሰው ካለ ፊት ለፊቷ ቆሞ ይበላት። ከአዲስ አበባ የሄደችው አሠልጣኝ ከርሷ ቤት አንድ ሳምንት ብትሰነብት፣ ማን ማንን እንደሚያሠለጥን በሁለተኛው ቀን ይታወቅ ነበር። ይሁንና ይህን ብሎ ማድነቅም ብቻውን ከንቱ ነው፤ የገበሬዋን ጥንካሬ እያመሰገኑ በድህነቷ መተው የከተማ ሰው የቆየ ልማድ ነው። ነገሩ ይህ ነው፦ ሴቲቱ ሙያዋ ሞልቶ ድሀ ናት። ስለዚህ ድህነቷ የሚመነጨው ከሌላ ቦታ ነው።

ከየት? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በደጋ ዳሞት፣ አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ አጥኚ ገበሬዎቹ መካከል ኖሮ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉንም እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትሟል። ከጥናቱ እንደምንረዳው የጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም ከእናት ከአባቷ ርስት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበራት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ባለትዳር ሴት በራሷ ስም ንብረት እንድትይዝ የፈቀደላት ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1882 እንደሆነ ልብ ይሏል። ይሁንና መብት ሌላ፣ ማረስ ሌላ። ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ልማዱ አይፈቅድም። ርስቷን የሚያርስላት ባሏ ነው። ባል ከሌላት ወንድሟ ነው። ወንድም ከሌላት ደግሞ ባዕድ በእኩል ያርስላታል፤ እርሷም ገለባው ተበጥሮ ምርቱ ሲሰፈር አጠገቡ ቆማ ትመለከታለች።

በልቦለዱ ውስጥ ያለችው የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ሀብት ያላት ሴት ነበረች፤ ቦጋለ መብራቱ ደግሞ በቤቷ አድሮ የሚያገለግል ድሀ። ወንዱን ከፍ ያደረገችው እርሷ ናት። ሰዎች ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ብቻ እያስታወሱ ይህን የመጽሐፉን መነሻ ይረሱታል፤ መለስ ብለው ቢያነቡት አይጎዱም። ውድነሽን ከሌላው የአገሯ ሴት የለያት የወጥ አሠራሯ አልነበረም። ሀብቷ ነበር።

የየካቲት 1967ቱ አዋጅ ርስትን ሻረ። መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ፤ በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ግን በአብዛኛው የአባወራው ስም ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ባል የሌላቸው ሴቶችም ድርሻ አገኙ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መታደል ሲጀምር የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር አብሮ ሰፈረ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ አገር ላለች ሴት ይህች ደብተር ከብዙ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ትበልጣለች። «ከቤቴ ውጪ» የሚላት ባል ቁጣው ምንም ያህል ቢበረታ ፊቷን ከደብተሩ ላይ ፍቆ ማጥፋት አይችልም።

ደብተር ግን አያርስም። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቱ በስሟ ሆኖ በሬ ከሌላት ማሳዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ግማሹን ታገኛለች። ከግማሹም የማዳበሪያ ዕዳ ይቆረጣል። ለትምህርት ቤት፣ ለጨውና ለሳሙና ገንዘብ ስለሚያስፈልጋት በርበሬዋን የምትሸጠው ሁሉም በሚሸጥበት ወቅት ነው፤ ያን ጊዜ ዋጋው ወድቋል። ወራት አስቆጥሮ ሲወደድ የሚሸጠው መጋዘንና የመቆያ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሙያ ልዩነት አይደለም። ነጋዴው መጠበቅ ይችላል፤ እርሷ መጠበቅ አትችልም።

አሁን ወደ ሰጪዎቹ እንመለስ። በአገራችን የሴቶች በጎ አድራጎት በዘመናዊ መልክ መደራጀት የጀመረው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣሊያን ሊወርረን በተሰናዳበት ዓመት፣ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ተቋቋመ። የመኳንንቱ ወይዛዝርት ለዘማቹ የቁስል ማሰሪያ ሲያዘጋጁ፣ ልብስ ሲሰፉ ሰነበቱ። ያን ጊዜ መርፌ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነበር። ችግሩ ጦርነቱ አልፎም መርፌው ከእጅ አለመውጣቱ ነው። ለድሀ ሴት የሚታሰብላት ትምህርት ስፌት፣ ጥልፍ፣ ሹራብ ሆኖ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲመሠረት ወይዛዝርቱ ከመድረኩ ወርደው ነበር፤ መፈክሩም ተለውጧል፤ ጥልፉ ግን በየቀበሌው ቀጠለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሲበዙም የስፌት መኪናዋ ሥርዓት ተሻግራ እንደገና ብቅ አለች። በሦስት መንግሥት ሳይሻር የኖረ ሹም ቢኖር እርሷ ናት።

ለምን መርፌ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰጪዋ የምታውቀውን ትሰጣለች። ሁለተኛው ደግሞ ጥልፍ ለዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ በባዛር ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ከጎኑ ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት ይቻላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ጥልፍ ማንንም አያስቀይምም። አንዲት ሴት የጠረጴዛ ልብስ ብትጠልፍ ባሏ አይቆጣም፣ ነጋዴው አይከስርም፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አይረበሽም፣ እኩል አራሿም ሒሳብ አይጠየቅም። የበርበሬዋን ሚዛን መመዘን ብትማር ግን የሚቆጣ አለ። አምስት ሴቶች ተባብረው መጋዘን ቢከራዩና ምርታቸውን እስከ ክረምት ቢያቆዩ የሚያኮርፍ አለ። ማንንም የማያስቀይም ርዳታ ሲቀርብ፣ ድህነቷን ከያዘው ቋጠሮ ርቆ የተቀመጠ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል።

በዚያ ላይ ገበያ የሚባል ነገር አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በሚውልባት በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ቢኖር ኑሮውን ይገፋል። በአንድ ዓመት ሃያ ሴት አሠልጥነን እዚያችው ከተማ ላይ ብናወርድ ያው የአንዱ ሰፊ ገቢ ለሃያ አንድ ይካፈላል። ድንኳን ሙሉ ሰልባጅና ከውጭ የገባ የተዘጋጀ ልብስ በአጠገባቸው ተቆልሎ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሥራውን ሲተዉት «የሥራ ፍቅር የላቸውም» ይባላል።

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ የተለየ አላደረገም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና በሚሠማራበት ሙያ የብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ልጆቹን ከበደል ለመጠበቅ ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ከዓረብ አገር በር ላይ የምትቆመው የገጠር ልጅ በምስክር ወረቀቷ የተረጋገጠላት ሙያ ማብሰል፣ ማጽዳትና ልጅ መያዝ ነው። ከማጀት የወጣው ቃል ዞሮ ዞሮ ባሕር ተሻግሮ የሌላ ሰው ማጀት ገባ።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ስለ መስጠት ስለ ራሱ ማሰብ የግድ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጠች ነዳይ ሳንቲም ሲወድቅላት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ይህን አባባል በየቀኑ ስለምንሰማው ትርጉሙን አናስተውለውም። «እኔ ልመልስልህ አልችልም፤ በእኔ ፋንታ እግዚአብሔር ይክፈልህ» ማለቷ ነው። ዕዳዋን በሙሉ ወደ ላይ ታዛውራለች። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሰጪው ከርሷ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ጠባይዋን አይመረምርም፣ ሳንቲሟን በምን እንዳዋለችው አይከታተልም፣ በሚቀጥለው ዓመት ተለውጣ እንድትጠብቀው አይፈልግም። ምጽዋት ድህነትን አያጠፋም፤ ነገር ግን ተቀባይዋን ይለቃታል።

ሥልጠና አይለቅም። ሠልጣኟ እግዜር ይስጥልኝ ብላ መሄድ አትችልም። መለወጥ አለባት። መለወጧም መታየት አለበት፤ ለጎብኝ መናገር፣ ለካሜራ ፈገግ ማለት፣ «በፊት እንዲህ ነበርኩ፣ አሁን እንዲህ ሆንኩ» ብላ መመስከር ይጠበቅባታል። ባይሳካላት ጥፋቱ የርሷ ነው። ቢሳካላት ምስጋናው የማኅበሩ ነው። ሰው ሁሉ «ዓሣ ከመስጠት ማጥመድ ማስተማር» እያለ ሲደጋግም ይህን ክብደት አይቶት አያውቅም። (የዓሣው ምሳሌ ራሱ ሐይቁ የማን እንደሆነ አለመጠየቁ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

በ12ኛው ምእት ዓመት የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ምጽዋትን በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ ነበር። ዝቅተኛው እያጉረመረሙ መስጠት ነው። ከፍተኛው ደግሞ ሰውየው ዳግመኛ እጁን እንዳይዘረጋ ማድረግ ነው፤ ማበደር፣ ወይም ሥራ ማስያዝ፣ ወይም ሽርክና መግባት። የሥልጠና ደጋፊዎች ይህን መሰላል ይወዱታል፤ ልክ ናቸውም። ነገር ግን ሊቁ በከፍተኛው ደረጃ ላይ ሽርክናን እንዳስቀመጠ ልብ ይበሉልኝ። ሸሪክ ማለት ሒሳብ የሚጠይቅ፣ «ይህ አያዋጣም» ብሎ የሚከራከር፣ ቢያሻውም ድርሻውን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። ከሠልጣኞቻችን ስንቶቹ ይህን ማድረግ ይችላሉ?

ከ130 ዓመት በፊት በቺካጎ ከተማ ተመሳሳይ ጭንቀት የገባት አንዲት ሴት ነበረች። ጄን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1889 ከጓደኛዋ ጋር በስደተኞች ሠፈር መካከል ቤት ከፍታ ትኖር ነበር፤ በ1931ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብላለች። በ1902 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ድሀ ቤት ለጉብኝት ስለምትሄደው ደግ ወይዘሮ ስትናገር፣ ራሷ ሠርታ አድራ የማታውቅ ሴት ለልብስ አጣቢዋ ስለ ታታሪነት ለማስተማር ስትነሣ የሚገጥማትን እፍረት ታነሣለች። ድሆቹ እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡት ሳያመነቱና ሳይመረምሩ ነው፤ ወይዘሮዋ ግን መርምራ ትሰጣለች። ድሆቹም የሚገርማቸው የመስጠቷ ነገር ሳይሆን የመመርመሯ ነገር ነው። ለኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ዕድርና ዕቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ተራ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ የምትቀበል ሴት ነገ ትሰጣለች፤ ስለዚህ ማንም ማንንም ከላይ ሆኖ አያይም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እንደ አብነት የሚነሡት ሴቶች ከዚህ አንጻር ሲታዩ አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰላሌ ውስጥ ተወልደው፣ በ10 ዓመታቸው ሳይፈቅዱ ተድረው፣ ከዚያ ትዳር ጠፍተው አዲስ አበባ የገቡ ሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ለግሸን ማርያም ወሎ ሲወርዱ ረሃቡን አዩ፤ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከትዳሩ ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን መርጠው ወጡ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ማኅበር፣ የሙያ ሥልጠናውም ጭምር፣ ከዚያ ቆሎ የበቀለ ነው። እኒህ ሴት ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ብዙ ጊዜ ስለ ርኅራኄያቸው ይነገራል፤ እኔ ግን ከርኅራኄው በፊት የነበረው እምቢታቸው ይበልጥ ያስደንቀኛል። በ10 ዓመት እምቢ ያለች ልጅ ናት በኋላ ላይ ለሌሎች እናት የሆነችው።

ሁለተኛዋ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ከገጠር የመጡት በምጥ ምክንያት በደረሰባቸው የፊስቱላ ጉዳት ለመታከም ነበር። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ማሚቱ ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል ዕቃ ማቀበል፤ ቀጥሎ ማየት፤ ቀጥሎ ራሳቸው መስፋት። ትምህርት ቤት ያልገቡት ሴት በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ሌሎች ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ። እዚህም መርፌ እንዳለ አንባቢ ልብ ሳይል አይቀርም። ልዩነቱ ማንም «የገጠር ሴት እስከዚህ ድረስ ነው የምትማረው» ብሎ ጣሪያ ያልሠራላቸው መሆኑ ነው። የሆስፒታሉ ስም የተወሰደባቸው ልዕልት ፀሐይም የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳለ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የሠሩ ሴት ነበሩ። የንጉሥ ልጅ የወደደችውን መማር እንደምትችል ማንም አይጠራጠርም። ጥያቄው ሌላዋ ሴት ይህ ሲፈቀድላት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ድርጅት ነው። ወይዘሮ ጽጌ ኃይሌ ያቋቋሙትና ዋይዝ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ድርጅት ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ድሀ ሴቶች መካከል ሲሠራ ሥልጠናን ከቁጠባ ጋር አያይዞ ነው። ሴቶቹ በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጃሉ፤ ማኅበሩም የአባላቱ ነው። በገዛ ገንዘቧ የምትበደር ሴት ለማን ሪፖርት ታቀርባለች? ለጎረቤቷ፤ ጎረቤቷም ለርሷ። በአማራ ክልልም የገጠሩን ብድር ሲያዳርስ የኖረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ለብዙ ሺህ ሴቶች በቡድን ዋስትና አበድሯል። በብድሩ በግ ያረባችበት አለች፤ ባሏ የበላባትም አለች። ብድር ከሥልጠና በአንድ ነገር ይሻላል፤ ምን እንደምትሠራበት የምትመርጠው በአብዛኛው ተበዳሪዋ ናት። በአንድ ነገር ደግሞ ይከፋል፤ ዝናም ቢቀርም ቀኑ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። «ምርጫ ምርጫ ትላለህ፤ ሌላ ነገር አይታ የማታውቅ ሴት ምን ትመርጣለች? የማንኩሳዋ ልጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነች ሴት አይታ የማታውቅ ከሆነ 'ኤሌክትሪክ አስተምሩኝ' አትልም» የሚል ነው። ትክክል ነው። ፍላጎትም እንደ በርበሬ ችግኝ በመደብ ካልፈላ ማሳ ላይ አይገኝም። ሰጪዋ ከተቀባይዋ አሻግራ ማየቷ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ግዴታዋ ነው። ነገር ግን አሻግሮ ማሳየትና ወስዶ ማስቀመጥ ሁለት ናቸው። ደግሞም ተቃውሞው እውነት ከሆነ፣ ለምንድን ነው በእውነቱ ሲሠራ የምናየው የልብስ ስፌት የሆነው? ልጅቷ ስፌትን አይታዋለች። አይታ የማታውቀውን ለማሳየት የተነሣ ሰው ብየዳን፣ የውሀ ሞተር ጥገናን፣ የወተት ማቀነባበርን፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን ያሳይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ከማንኩሳ ብዙ አይርቅም። እዚያ የምትገባው የገጠር ሴት ጠራጊ ሆና ነው ወይስ ማሽን አንቀሳቃሽ ሆና የሚለው የሚወሰነው ዛሬ የሥልጠናውን ዝርዝር በሚያወጡት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ታይቷል። መንገድ ሲዘጋ የፕሮጀክት መኪና አይመጣም። አሠልጣኝ አይመጣም፤ ጎብኝም አይመጣም። በሴቲቱ እጅ የሚቀረው ቀድሞም በእጇ የነበረው ነው፤ እንዝርቷ፣ ምጣዷ፣ በደብተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፏ፣ ጎረቤቶቿ። አንድ ርዳታ ሰጪው በሌለበት ወራት ምን ያህሉ እንደቆመ ማየት ከማናቸውም የግምገማ ቅጽ የበለጠ ያስተምራል።

አሁን አንዲት ሴት በሐሳባችን እንሣል። ስም አንሰጣትም። ከማንኩሳ ዙሪያ ናት እንበል፤ ባሏ ሞቷል፤ መሬቱ በስሟ ነው፤ በሬ የላትም። ፍኖተ ሰላም ተጠርታ የሦስት ወር ስፌት ሠልጥናለች። በምረቃው ቀን ከወይዘሮዎቹ አንዷ በገዛ እጇ የስፌት መኪና አስረከበቻት፤ ሁለቱም አልቅሰዋል፤ ልቅሶውም የእውነት ነበር። ሴትዮዋ መኪናውን ለሁለት ወር ሠራችበት። በሦስተኛው ወር ሸጠችው። በገንዘቡ ላይ የዕቁብ ዕጣዋን ጨምራ ጥማድ ለመግጠም የሚሆን አንድ በሬ ገዛች፤ ሌላውን በሬ ከወንድሟ ጋር ተጋጠመች። በዚያ ክረምት ማሳዋን ያረሰላት በእኩል የሚያርስ ባዕድ አይደለም፤ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ጎረምሳ ነው። ምርቱ ሲሰፈር ሙሉው የርሷ ሆነ። ከበርበሬው ግማሹን ወዲያው ሸጠች፤ ግማሹን ግን በጎታ አስቀምጣ ዋጋውን ትጠብቃለች።

በዓመቱ መጨረሻ የማኅበሩ ተከታታይ ሠራተኛ መጥታ መኪናውን ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ፈራች፤ «እኅቴ ዘንድ አደራ ነው» አለች። ሠራተኛዋ ቅጹን አወጣች። በቅጹ ላይ «በሠለጠነችበት ሙያ ላይ ትገኛለች» የሚል ረድፍ አለ፤ «ሙያውን ያቋረጠች» የሚልም አለ። በሬ የሚጻፍበት ቦታ የለም።